አንድ ብልቃጥ ለሁለት

ፀዳለ ዳልጮ በየቀኑ ሁለት ጊዜ አርባ ምንጭን ታቋርጣለች። ቤቷ ላይኛው ከተማ ሴቻ ነው፤ ሥራዋ ታችኛው ከተማ ሲቀላ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ መቼ እንደተወለደ፣ ስንተኛ እንደወጣ፣ ከየትኛው ክፍል በምን ምክንያት እንዳቋረጠ እየጻፈች በመደርደሪያ ላይ ስትደረድር ኖራለች። የተማሪ ዶሴ ጠፋ ሲባል ከወንበሯ ሳትነሳ የት እንዳለ ትናገራለች። የራሷን ጉዳይ ግን እንኳን አንብቦ የጨረሰ፣ መኖሩን የጠረጠረም ሰው አልነበረም።

የተወለደችው በጋሞ ተራሮች ላይ፣ ኦቾሎ ነው፤ አባቷ ሸማኔ፣ እናቷ ጥጥ ፈታይ ነበሩ። ለትምህርት ብላ በልጅነቷ ወደ ከተማ አክስቷ ዘንድ ወረደች፤ በዚያው ከተሜ ሆና ቀረች። ጸሎት ቤት ሄዳ ትዘምራለች፣ ደመወዟን ተቀብላ ቤቷ ትገባለች፣ ሰው ታሞ እንደሆነ ትጠይቃለች። ስለ እሷ የሚወራ ነገር አልነበረም። በትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ቀላል ችሎታ አይደለም።

በ2003 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ገላዋን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ውስጥ እንደ ባቄላ ፍሬ የጠጠረ ነገር እጇን ነካት። አያምም። የማያም ነገር ምን ያደርጋል ብላ ተወችው። በአገራችን ስንቱን የፈጀው ይኸው የማያም ነገር ነው። ባቄላዋ እያደገች ስትመጣ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ ደንግጣ ሐኪም ቤት ሄደች፤ እነሱም ወደ አዲስ አበባ ላኳት። እዚያ ጡቷን ሙሉ በሙሉ አነሱላት። ቀጥሎ በክንዷ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት ስድስት ዙር ወሰደች፤ ጸጉሯ ረግፎ ተመልሶ በቀለ። በመጨረሻ ሐኪሟ፣ ፊቷ የማይፈታ ነገር ግን እጇ ለስላሳ የሆነች ወጣት ሴት፣ አንዲት ነጭ ብልቃጥ ሰጠቻት። የናሙናዋን ውጤት አይታ፣ የአንቺ ዓይነቱ ለዚህ ክኒን ይመቻል፣ በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት፣ ሳይቋረጥ አለቻት። ፀዳለ ከዚህ ሁሉ ጆሮዋ የያዘው "በቀን አንድ፣ ለአምስት ዓመት" የሚለውን ነው። ጣጣው የመጣው ካልሰማችው ግማሽ ነው።

ባሏ ዳምጤ ቀያሽ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። ከአዲስ አበባ ስትመለስ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ሻንጣዋን ተሸከመላት፤ ሾርባም ሠራላት፤ ሐሰት አይነገርም። ፋሻው ሲፈታ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በስድስተኛው ወር ወደ ሳውላ ዝውውር ጠየቀ። ዝውውር ማለት አንዳንዴ ለፍቺ የተሰጠ የመንግሥት ስም ነው። መጀመሪያ በወሩ መጨረሻ ይመጣ ነበር፣ ኋላ ለበዓል፣ ኋላ በሰው ሰላምታ ይልክ ጀመር፤ ከዚያ ሰላምታውም መንገድ ላይ ቀረ።

ፀዳለ ለማንም አልተናገረችም። በየሦስት ወሩ ክኒኗን ለመቀበል አዲስ አበባ መሄድ አለባት፤ መድኃኒቱ በእርዳታ በነጻ የሚሰጠው እዚያ ነውና። መሥሪያ ቤት ስትጠየቅ "ጨጓራዬን" ትላለች። ጸሎት ቤትም "ጨጓራዬን" ትላለች፤ እህቶች ለጨጓራዋ አጥብቀው ይጸልዩላታል። ጨጓራ ምስኪኑ የስንቱን በሽታ ስም ተሸክሞ ይኖራል። ባዶውን የጡት መያዣዋን ከኦቾሎ በመጣ ባዘቶ ሞላችው፤ እናቷ ለመፍተል ያዘጋጀችው ንጹሕ ጥጥ ነው። ከውጭ ላየ ሰው ሙሉ ሴት ናት።

ማታ እራት በልታ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ብልቃጧን ትከፍታለች። አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አድርጋ ትቆያለች። ብቸኝነት የሚመጣባት በዚህች ሰዓት ነበር። በአውቶቡስም፣ በሆስፒታሉ ኮሪደርም፣ በጠባሳዋም ፊት እንዲህ አይከፋትም። አንድ ሰው ጎኗ ቁጭ ብሎ "ዋጥሻት?" ቢላት፣ ሌላ ምንም ሳይጨምር፣ ይበቃት ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ግን አልነበራትም።

ሲቀላ ዋናው መንገድ ዳር የዙሁራ ሱቅ አለ። ዙሁራ የጅምላ ነጋዴው የጀይሉ ሚስት ናት፤ ባሏ ዕቃ ለማምጣት ሻሸመኔና አዲስ አበባ ሲመላለስ እሷ ችርቻሮውን ትይዛለች። ሳቂታ፣ ምላሷ ስለታም፣ ደንበኛ በስም የምትጠራ ሴት ናት። ፀዳለ ከሥራ ስትወጣ ሳሙናና ስኳር የምትገዛው ከእሷ ነው። ከዚህ ያለፈ ትውውቅ አልነበራቸውም።

ጥቅምት 2005 ላይ አንድ ቀን ፀዳለ የዱቄት ከረጢት ለማንሳት ጎንበስ ስትል ባዘቶው ከጉያዋ ሾልኮ ስኳሩ ጆንያ ላይ ወደቀ። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ዙሁራ ባዘቶውን አነሳችው፣ አራገፈችው፣ አየችው፤ ከዚያ ሄዳ የሱቁን አንዱን በር ዘጋች።

"ጡትሽ ነው?" አለቻት።

ፀዳለ ጨጓራዋን ለመጥራት አፏን ከፍታ ነበር። ባዘቶ በጉያ የሚያስይዝ ጨጓራ ግን እስካሁን አልተሰማም። "አዎ" አለች።

ዙሁራ የሻሿን ጫፍ ወደ ትከሻዋ ጥላ የፀዳለን እጅ ያዘችና በቀኝ ብብቷ አጠገብ አስነካቻት። ፀዳለ ጣቶቿ ሥር ያገኘችውን ነገር ታውቀዋለች። ባቄላ አልነበረም፤ ከዚያ አልፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዙሁራ ከወር በፊት አንድ ክሊኒክ ሄዳ በመርፌ ናሙና ወስደውላት፣ ናሙናው ሩቅ ተልኮ ተመርምሮ፣ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጥቷል። ክሊኒኩ በቶሎ አዲስ አበባ ሂጂ ብሏታል። ወረቀቱን ግን ከሻይ ቅጠሉ ካርቶን ኋላ ሸሽጋዋለች። ትልቋ ልጇ ረይሐና በየካቲት ልትዳር ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ቀን ተቆርጧል። እናቷ እንዲህ ያለ በሽታ አለባት ቢባል የወንዱ ወገን "በደማቸው ነው" ብሎ ያፈገፍጋል። ለጀይሉ ያልነገረችው ክፉ ሆኖባት አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር። ጀይሉ የሰማ ዕለት ሠርጉን ሰርዞ እሷን ይዞ እንደሚበር ስለምታውቅ ነው።

"ሠርጉ ይለፍ፣ ኢንሻ አላህ እሄዳለሁ" አለች።

ያን ቀን ማታ ፀዳለ ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ መዋጥ አቃታት። እናቷ ኦቾሎ እያለች ደጋግማ የምትነግራት ነገር ነበር፦ የተራበ እያየሽ ብቻሽን አትብዪ፣ ጎሜ ይሆንብሻል። ጎሜ ማለት በጋሞ ዘንድ የተጣሰ ሕግ ነው፤ የጣሰውን ሰው ተከትሎ በሽታ ሆኖ፣ ድርቅ ሆኖ፣ መካንነት ሆኖ ይመጣል ይባላል። ጸሎት ቤት ጎሜ በመስቀል ላይ ተሽሯል ተብሎ ተሰብኳል፤ ፀዳለም አሜን ብላለች። ጎሜ ግን ስብከት የሚሰማ ነገር አይደለም፤ ሰው ብቻውን ሲሆን ጠብቆ ይመጣል። ይኼ ባቄላ ለምን እኔን መረጠኝ ብላ ስንት ሌሊት ኑሮዋን በርብራለች። አሁን ደግሞ መድኃኒት ታቅፋ የተቀመጠች፣ መድኃኒት የሌላትን አይታ ዝም ያለች ሴት ልትሆን ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ። ክኒኗን ወደ ብልቃጧ መለሰቻት።

በማግስቱ ብልቃጧን ይዛ ሱቁ ሄደች። ሁለት ሆነን እንወስዳለን አለቻት፤ አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እኔ። ዙሁራ መጀመሪያ እምቢ አለች። ያንቺን ዕድሜ አልበላም፣ ወላሂ አልነካውም ብላ ብልቃጧን ገፋቻት። ፀዳለ የእናቷን ነገር ነገረቻት፤ ካልወሰድሽ ለእኔም መድኃኒት አይሆነኝም አለቻት። ዙሁራ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳች።

ከዚያ ወዲያ ብልቃጧ ሱቅ ውስጥ፣ ከወረቀቱ ጎን፣ ከሻይ ቅጠሉ ኋላ ኖረች። ፀዳለ ከሥራ ስትወጣ ገባ ትላለች። ዙሁራ ለእሷ ያዘጋጀቻት ዱካ፣ ዝቅ ያለች በርጩማ፣ አለች። በጎደሎ ቁጥር ቀን ፀዳለ ትውጣለች፤ በሙሉው ዙሁራ። "ጎደሎው ቀን ለጎደሎዋ" ትላለች ዙሁራ፤ ሌላ ሰው ቢለው የሚያቆስል ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። አንዷ ስትውጥ ሌላዋ ታያለች። "ወረደች?" "ወረደች።" በቃ ይኼው ነው። ፀዳለ የእስላም ሥጋ አትበላም፣ ዙሁራም የክርስቲያን፤ በዓል በመጣ ቁጥር አንዷ ለሌላዋ የምትልከው ዳቦና ፍራፍሬ ነበር። ሙሉ በሙሉ የተካፈሉት ነገር ቢኖር ይህች ነጭ ክኒን ናት።

ፀዳለ ወፈረች። መዝገብ ቤት ውስጥ ማንጎራጎር ጀመረች። ቅዳሜና እሑድ፣ የተራዋን ክኒን ቤቷ ወስዳ ስትውጥ፣ ደስ አይላትም ነበር፣ ሰኞ ስለሚርቅ፤ ኋላ ቅዳሜም ሳሙና አለቀብኝ እያለች መውረድ ጀመረች። በአንድ ወር ውስጥ ያን ያህል ሳሙና የገዛች ብቸኛ ሴት በአርባ ምንጭ አልታየችም። ዙሁራ ስለ ሠርጉ ታወራታለች፤ ስለ ሚዜዎቹ፣ ስለ ጥሎሹ፣ ስለ ትንሿ ልጇ ኢኽላስ ቅናት። ፀዳለ ደግሞ ለማንም ያላወራችውን ዳምጤን ታወራታለች። አንድ ቀን ፋሻው ሲፈታ ፊቱን ያዞረ ዕለት የተሰማትን ነገረቻት። ዙሁራ ተነስታ የፀዳለን ጉያ፣ የጠፋውን ቦታ፣ በልብሷ ላይ በመዳፏ ዳሰሰቻት። ከሐኪም በቀር እዚያ ቦታ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው እሷ ናት።

ሠርጉ በየካቲት አለፈ፤ ያማረ ሆነ። ረይሐና ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ ገባች። በሳምንቱ ዙሁራ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ፣ እንግዲህ ለጀይሉ ነግሬ ልሂድ፣ ወረቀቱንም ላሳያቸው፣ አንቺ ምን ትያለሽ አለቻት።

እውነቱን እንናገር። ፀዳለ በዚያች ሰዓት ያየችው ዙሁራን አልነበረም። ያየችው የተዘጋ ሱቅ ነው፤ ከዚያ ዳገቱን፣ ከዚያ ሴቻ ያለውን ቤቷን፣ ሳህኗን፣ መዳፏ ላይ ያለችውን ክኒን። ዙሁራ ከሄደች ስንት ወር ትቆይ ይሆን? ከሄደችስ ትመለስ ይሆን? ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችና በጣም ረጋ ባለ፣ በጣም በሚያምር የምክር ድምፅ መለሰች።

"መድኃኒቱን እየወሰድሽ ነው እኮ። ትንሽ እንየው።"

ዙሁራ ደስ አላት። እሷም ፈርታ ነበርና ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ትጠብቅ ነበር። እንየው ብለው መጋቢትን አዩ፣ ሚያዝያን አዩ። እብጠቱ ቀለል ያለ ሲመስላቸው ሁለቱም አመኑ፤ ሲያብጥ የአየሩ ነው አሉ። በግንቦት አንገቷ ሥር ሌላ ጠጠር ወጣ። ዙሁራ ትስል ጀመር፤ የሱቁ አቧራ ነው አለች። ፀዳለ የአቧራ ሳል እንዲህ እንዳልሆነ ብታውቅም አዎ አለች። ሌሊት ግን እንቅልፍ ነሳት። በሰኔ ቀጠሮዋ ሲደርስ ዙሁራ ሳታውቅ ወረቀቱን ከካርቶኑ ኋላ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የማን ነው አለች። ፀዳለ የጎረቤቴ አለች፤ ከዚያ አንድ ነገር ሲጎተት ሌላው እየተከተለ፣ ክኒኑን እኩል እንደተካፈሉት ሳይቀር ተናገረች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይህ ዳቦ አይደለም" አለቻት።

ከዚያ ተቆጥታም ቢሆን አስረዳቻት። ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት ምግብ አይበላም። የፀዳለ ዓይነቱ በሴት ሆርሞን ይፋፋል፤ ክኒኑ ሆርሞኑ የሚገባበትን በር ይዘጋበትና ቀሪው ካለ እንዳያድግ፣ ወደ አጥንት ወደ ሳንባ እንዳይዛመት አቅም ያሳጣዋል። ክኒኑ የተሠራው ለዚያ በር ነው፤ ለሌላ አይደለም። የዚህች ሴት ካንሰር ግን ያ በር ጭራሽ የለውም። የሌለ በር በምን ይዘጋል? የእሷ ካንሰር ላዩ ላይ ሌላ ተቀባይ በዝቶበታል፤ ሌት ተቀን ተባዛ ተባዛ የሚል ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያ ነው። ለእሱም ለብቻው የተሠራ መድኃኒት አለ፣ በደም ሥር የሚሰጥ፤ አገር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም እንጂ። እሱ ባይገኝ እንኳ በክንድ የሚንጠባጠበው ኪሞ መጀመር የነበረበት ወረቀቱ የመጣ ሰሞን ነው። ስምንት ወር የወሰደችው ክኒን ለእሷ ውሃ ነው። ለአንቺም ቢሆን ግማሽ መጠን ግማሽ መዳን አይሰጥም፤ ከዛሬ ጀምረሽ በየቀኑ፣ ሙሉውን፣ ብቻሽን አለቻት።

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ አርባ ምንጭ የሚገባው ከመሸ ነው። ፀዳለ ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ብነግራት ትሄዳለች፤ መሄድ ብቻ አይደለም፣ ትጠላኛለች። ባልነግራት ከእኔ ጋር ትሆናለች፣ ከእኔ ጋር ሆና ትሞታለች። ሶዶ ላይ፣ ሐኪም አማክሬ መጣሁ፣ ክኒኑ አይስማማሽም ልበላት፣ ሌላውን ልተወው ብላ አሰበች፤ ግማሽ እውነት። ምዕራብ ዓባያ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሰው ሙዝ ሲገዛ እሷ ከወንበሯ አልወረደችም። የዓባያ ሐይቅ በስተግራ ለረጅም መንገድ አብሯት ሄደ። ከተማ ስትገባ የወሰነችው ነገር አልነበረም፤ የምታውቀው ዛሬም ዝም ካለች እዚያች ዱካ ላይ ደግማ መቀመጥ እንደማትችል ነው።

በማግስቱ ሱቁ ስትገባ ዙሁራ ብልቃጧን አውጥታ ጠበቀቻት፤ ቀኑ የዙሁራ ነበር። ፀዳለ ብልቃጧን ከእጇ ወስዳ ሁሉንም ነገረቻት፤ በሩን፣ የሌለውን በር፣ ስምንቱን ወር። ግማሽ እውነቱን አልተጠቀመችበትም።

ዙሁራ አልጮኸችም። ሻሿን አስተካከለች፣ ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለች። ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

"ሠርጉ ካለፈ በኋላ ልሂድ ስልሽ፣ እንየው ያልሽኝ ለምንድን ነው?"

"አላውቅም" አለች ፀዳለ።

ዙሁራ እንዳላመነቻት ፊቷ ላይ ታየ። ልዘጋ ነው አለቻት። በሦስተኛው ቀን ከጀይሉ ጋር አዲስ አበባ ሄደች፤ ሱቁን ኢኽላስ ያዘችው፤ ዱካዋ የጆንያ ማስቀመጫ ሆነች።

ፀዳለ ክኒኗን በየቀኑ፣ ሙሉውን፣ ብቻዋን ትውጥ ጀመር። ሳሙና መግዛቷን አላቆመችም። ኢኽላስ ለደንበኛ ሁሉ እንደምታወራው ለእሷም ታወራላታለች። ካንሰሩ የእናቷ ሳንባ ደርሶ ነበር አለች። ኪሞ ጀመረች አለች። ኋላ ደግሞ አባቷ ሰው በሰው አፈላልጎ ለእናቷ ዓይነት የተሠራውን መድኃኒት ከዱባይ በበረዶ ሣጥን እንዳስመጣ፣ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥሯ እንደምትወስደው፣ ሐኪሞቹ ራጅ አንስተው ባለበት ቆሟል እንዳሏቸው እየሳቀች ነገረቻት። ፀዳለ ሳሙናውን ይዛ መንገድ ላይ አለቀሰች። የደስታ ነው። ከደስታው ሥር ደግሞ ይኼ መድኃኒት በየካቲት ቢጀመር ኖሮ ሳንባዋ ይደርስ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ተቀምጧል፤ ማንም ሊመልስላት አይችልም።

ለዙሁራ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ አልተነሳም። በአራተኛው ረይሐና አነሳች። እናቴ ተኝታለች፣ ማን ልበላት አለች። ፀዳለ ስሟን ልትናገር አሰበችና ተወችው። "ከአርባ ምንጭ ነው፣ ደንበኛ" አለች። ማንም መልሶ አልደወለላትም።

መድኃኒቱ ካንሰሩን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ያዘው። ኋላ ማምጫው መንገድ ተቋረጠ፤ ሌላ መንገድ እስኪገኝ ካንሰሩ አልጠበቀም። ዙሁራ ሐምሌ 2007 አዲስ አበባ ዐረፈች፤ እንደ ሃይማኖታቸው በዕለቱ ተቀበረች። ፀዳለ የሰማችው በሦስተኛው ቀን፣ ጀይሉ ተመልሶ ከሱቁ ጎን ባለው ቤቱ በር ላይ ድንኳን ሲተከል ነው።

ሴቶቹ ጎን ገብታ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ሴት በምን ትተዋወቃላችሁ ብላ ጠየቀቻት። ደንበኛ ነኝ አለች። ዙሪያዋን የዙሁራ እህቶች፣ የዙሁራ አብሮ አደጎች፣ ከቡታጅራ የመጡ አክስቶች እያንዳንዳቸው የሚያነሱት ወሬ፣ የሚያለቅሱበት ስም አላቸው። የእሷ ወሬ ከሻይ ቅጠል ካርቶን ኋላ የተደበቀ ነው። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ያቺ ሴት በመገረም አየቻት፤ ለሳሙና ሻጭ ይህን ያህል ይለቀሳል እንዴ የሚል አስተያየት ነበር።

በማግስቱም መጥታ ተቀመጠች፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ልትሄድ ተነስታ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ጀይሉን "አላህ ያጽናዎት ጋሽ ጀይሉ" አለችው። ጢሙ ነጥቷል። አንቺ ከትምህርት ቤቱ ነሽ አይደል፣ ዙሁራ የምትወድሽ ደንበኛዋ ብሎ ለያትና ያለ ጠያቂ ያወራት ጀመር፤ ሐዘን ሰው ያናግራል። ለዘጠኝ ወር መታመሟን ከእሱ ደብቃ እንደነበር ነገራት። አንድ ሴት እውነቱን ነግራት ነው ወደ እሱ የመጣችው።

"ያቺ ሴት ባትነግረኝ ይኼን ሁለት ዓመት አላገኝም ነበር ትለኝ ነበር" አላት። "ስሟን ግን እስክትሞት አልነገረችኝም። የሰው ምስጢር ነው አለችኝ። ባገኛት አመሰግናት ነበር።"

 ፀዳለ ምስጋናውን መቀበል ትችላለች፤ ዝም ማለትም ትችላለች። ሟቿ እንኳ ምስጢሯን ጠብቃላት ሄዳለች።

"እኔ ነኝ" አለች። ጀይሉ ከወንበሩ ብድግ ሲል እጇን አንስታ አስቆመችው። "ይስሙኝ፤ አላለቀም። እኔም ያው ነው በሽታዬ። የእኔን ክኒን ነበር የምሰጣት። ከሠርጉ በኋላ ልሂድ ብላኝ ነበር፤ አራት ወር ያስቀረኋት እኔ ነኝ።"

ጀይሉ ተመልሶ ተቀመጠ። መሬት መሬት አየ። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያዛጉ ተሰማ።

"ለምን?" አላት፣ ቀና ሳይል።

"ብቻዬን ስለነበርኩ።"

አሁን ቀና አለ። ሱቁን አየ፣ የቤቱን በር አየ፤ ከአራት ቀን ወዲህ ይህን ቃል ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው ሰው በአካባቢው አልነበረም። የሚሰድባት መሰላት፤ ቢሰድባት አይከፋትም ነበር። ከኋላው አንድ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠ።

"ተቀመጪ" አላት።

ተቀመጠች። እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተናገራትም።